ከፍጻሜው ጨዋታ በኋላ ያለው ሰኞ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሰኞ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከመኝታዬ ተነሣሁ። ወደ ሳሎን ስገባ ባዶ እግሬ ያረፈው ቆሎ ላይ ነበር። መብራቱን አበራሁ። የሶፋው ትራሶች ወለሉ ላይ ወድቀዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን የተዋስናቸው ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ጠረጴዛው ሥር ሰባት ብርጭቆ፣ መስኮቱ ላይ ሦስት፣ በረንዳው ላይ ደግሞ አራት ቆጠርኩ። ለእንግዳ ብቻ ከማወጣቸው የቡና ስኒዎች አንዱ ለሁለት ተሰብሮ ሳህን ላይ ተቀምጧል፤ የሰበረው ሰው አፍሮ በቀስታ እንዳስቀመጠው ያስታውቃል። ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ሻይ ደርቋል።

ባለቤቴ ተኝቷል፤ ልጆቹም ተኝተዋል። እኔ መጥረጊያ ይዤ ሳሎኑ መካከል ቆምኩ። የመጋቢ ሚስት መሆኔን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስለ እንግዳ ተቀባይነት ረጅም ጽሑፍ ማቅረቤን ሁሉ ረስቼ፣ «ጌታ ሆይ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንንም አልጠራም» አልኩ።

የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ እንግዳ ስለ መቀበል ብዙ ተሰብኳል፤ ብዙም ተጽፏል። እንግዳው ከሄደ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚቀረው ነገር ግን እምብዛም አንነጋገርም። እኔም እስከዚያ ሰኞ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ ያንን ቀን የማነሣው ቤታችንን ለማመስገን አይደለም፤ እንደምታዩት የሚያስመሰግን ነገር ብዙም የለበትም። ጌታ በዚያ ቀን ያስተማረን ትምህርት ግን ለሌሎችም ቤተሰቦች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቤታችን እንዴት የኳስ ቤት ሆነ?

የምንኖረው በወላይታ ዞን፣ በዳሞት ወይዴ ወረዳ፣ በበዴሳ ከተማ ነው። ለአካባቢያችን ሰው እንግዳ መቀበል ከልጅነት የሚለመድ ነገር ነው። በጊፋታ በዓል ሰሞን ሙቹዋውና ዳጣው ቀርቦ ጎረቤት ሳይጠራ የሚበላበት ቤት አይገኝም። ኳስ መውደድም እንዲሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ዲቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክን በሐዋሳ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸንፎ፣ በመጨረሻ በፍጹም ቅጣት ምት ጥሎት ሲያልፍ የነበረውን ደስታ ወላይታ ውስጥ የማያስታውስ ማን አለ? ከዚያም በፊት አባቶቻችን በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ማንሣቷን ሲያወሩ አድገናል፤ በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስም አብረን ዘለናል። ስለዚህ ወጣቶቻችንን «ኳስ ለምን ወደዳችሁ?» ብሎ መውቀስ አይቻለንም።

ባለቤቴን ያሳሰበው ኳሱ ሳይሆን ኳሱ የሚታይበት ቦታ ነበር። ብዙ ወጣቶች ትልልቅ ጨዋታዎችን የሚያዩት ገንዘብ ከፍለው በኳስ ማሳያ ቤቶች ነው። ከእነዚህ ቤቶች ጥቂት በማይባሉት ጫትና ሲጋራ አይጠፋም፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ወጣቶቹ «ቤቲንግ» የሚሉት የስፖርት ውርርድ ተጨምሯል። የዓለም ዋንጫው በኳታር ሲካሄድ በመዘምራንና በወጣቶች ጸሎት ላይ የሚገኙት ልጆች ቁጥር ቀነሰ። ባለቤቴ ለፍጻሜው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ «ልጆቹን ከዚያ ውጡ ብቻ ከምንላቸው ወዴት እንደሚገቡ ብናሳያቸውስ?» አለኝ። እኔም ሐሳቡን ወደድኩት። አሥራ ሁለት ልጆች ለመጥራት ተስማማን።

የመጡት ሃያ ሦስት ነበሩ።

ያ ምሽት

ፍጻሜው የተደረገው እሑድ ታኅሣሥ 9 ቀን ነው። ጨዋታው በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር የእሑዱ አምልኮ ካለቀ በኋላ በቂ ጊዜ ነበረኝ። ቆሎ ቆላሁ፤ ዳቦ ደፋሁ፤ ቦዬ ቀቀልኩ፤ ዳጣ ፈጨሁ፤ ሻይና ቡና አዘጋጀሁ። አሥራ ሁለት ሰው ይበቃዋል ያልኩት ዳቦ ሃያ ሦስት ሰው ሲመጣ እንዴት እንደሚቆረስ የምታውቁት እናቶች ናችሁ።

አርጀንቲና ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በሜሲ ፍጹም ቅጣት ምትና በዲ ማሪያ ጎል 2 ለ 0 መራች። በዕረፍቱ ባለቤቴ ተነሥቶ የእግዚአብሔርን ቃል ማካፈል ጀመረ። ያዘጋጀው ለአሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። ልጆቹ በአክብሮት ያዳምጣሉ፤ ዓይናቸው ግን ሰዓቱ ላይ ነው። እርሱም ገብቶት በአምስት ደቂቃ ጸልዮ ሲቀመጥ «አሜን!» ያሉት ድምፅ በእሑድ አምልኮም ተሰምቶ አያውቅም።

በሁለተኛው አጋማሽ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ መብራት ጠፋ። ጩኸቱን አትጠይቁኝ። መብራቱ ተመልሶ፣ ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ እስኪከፈቱ ቆይተን ስናይ፣ ውጤቱ 2 ለ 2 ሆኗል። ፈረንሳዊው ምባፔ በ80ኛውና በ81ኛው ደቂቃ ሁለት ጎል አግብቷል። ልጆቹ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ፤ ሜሲ አገባ፤ ምባፔ መለሰ፤ 3 ለ 3። በመጨረሻ ምሽት 3 ሰዓት ሊሆን ሲል አርጀንቲና በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ልጆቹ ተቃቅፈው ዘለሉ፤ ሶፋዬም አብሮ ዘለለ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። የ17 ዓመቱ የበኩር ልጄ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 እንዳለቀ ተነሥቶ ወደ በረንዳ ወጣ። «ምነው?» ብለው «ጥርሴን አሞኛል» አለኝ። ቅርንፉድ ሰጥቼው ወደ ማድ ቤት ተመለስኩ። ሃያ ሦስት ሰው ቡና ይጠብቀኛል። ያን ጊዜ ከዚህ የበለጠ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ ወይም ያለኝ አልመሰለኝም።

ከትራሱ ሥር የተገኘው

ወደ ሰኞ ጠዋት ልመለስ። ሳሎኑን ስጠርግ የሶፋውን ትራስ ቦታው ልመልስ ስል ከሥሩ አንዲት ትንሽ የተጣጠፈች ወረቀት አገኘሁ። የሱቅ ደረሰኝ መስላኝ ነበር። ስዘረጋት የውርርድ ቲኬት ናት። የጨዋታው ስም፣ ቀኑ፣ አርጀንቲና እንደምታሸንፍ የሚገልጸው ምርጫ፣ የተያዘው 200 ብር ተጽፎባታል።

እውነቱን ልናገር። በመጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን ሳይሆን ቁጣ ነበር። «ዳቦዬን በልተው፣ ስኒዬን ሰብረው፣ በመጋቢ ቤት ቁማር ይዘው ይመጣሉ!» አልኩ። ወዲያውኑም የማን እንደሆነች አወቅኩ፤ ያወቅኩ መሰለኝ። ከተጋበዙት መካከል ከውርርድ ቤት ደጃፍ አይጠፋም የሚባል አንድ ወጣት ነበር። ፊቱ በዓይኔ መጣ። ወረቀቷን በመቀነቴ ቋጠርኩ፤ ለወጣቶች መሪው ለመናገርም ወሰንኩ።

ሁለት ሰዓት ላይ ባለቤቴና እኔ አግዳሚ ወንበሮቹን ልንመልስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በግቢው ያገኙን አንድ አረጋዊ አባት ናቸው። «ሳሮ» ተባብለን ከተሳሳምን በኋላ ወንበሮቹን አይተው፣ «የትናንቱ ጩኸት እኛ ቤት ድረስ ተሰምቷል» አሉ። ሊቆጡን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እርሳቸው ግን አልተቆጡም። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ምእመናን በየቤቱ እየተሰበሰቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዴት ይጸልዩ እንደነበር አወሩን። ከዚያ በኋላ ባለቤቴን እንዲህ ብለው ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ቤትህን መክፈትህን አልነቅፍም። ወንጌል ወላይታን የዞረው በቤት ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰው ከቤታችን ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ እናውቅ ነበር። እናንተስ ታውቃላችሁ?»

ወረቀቷ መቀነቴ ውስጥ ናት። ለእኒያ አባት የምመልሰው ቃል አጣሁ።

እኒያ አባት ያሉት እውነት ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ መጡ፤ በጣልያን ወረራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1937 ሲወጡ ትተውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ 48 ብቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። በዚያ መካከል ሰባኪው እግረኛ፣ አዳራሹም የሰው ጎጆ ነበር። እንግዳውን ተቀብላ፣ ቆጮውን አቅርባ፣ እግሩን አጥባ፣ በማግስቱ ደግሞ የተሰማውን ቃል ከልጆቿና ከጎረቤቶቿ ጋር የምትከልስ እናት ባትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

የማድ ቤቱ ጥያቄ

ወደ ቤት ስመለስ የ14 ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት በፊት ዕቃ እያጠበች አገኘኋት። ፊቷ ጠቁሯል። «ምን ሆነሻል?» ብላት መልስ የለም። ደጋግሜ ስጠይቃት እንባዋ መጣ። «እማዬ፣ ከእኔ ክፍል ልጆች ሁሉ ጨዋታውን ያላየሁት እኔ ነኝ። ቤታችን ታይቶ እኔ አላየሁም። ሻይ ሳመላልስ ጎሉ ይገባል፤ ስመለስ አልቋል። ወንድሞቼ ግን አንድ ብርጭቆ እንኳ አላነሡም» አለችኝ።

ሁልጊዜ ስለ ማርታና ማርያም ሳስተምር ማርታን እወቅሳለሁ። ሉቃስ ምዕራፍ 10ን ስናነብ በአገልግሎት የባከነችውን እናያለን። በዚያ ጠዋት ግን ልጄን በግድ ማርታ ያደረግኳት እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ማርያም እንድትቀመጥ እኮ ቦታ ሊኖራት ይገባል። እኔ ለወንድ ልጆቼ ቦታውን ስሰጥ ለእርሷ ትሪውን ሰጠኋት። ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም፤ እናቴ ስታደርግ ያየሁትን አደረግኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። እናት ለልጇ ይቅርታ ስትጠይቅ ክብሯ የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ከቀድሞው ይልቅ ስትቀርበኝ እንጂ ስትንቀኝ አላየሁም።

በምሳ ሰዓት ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኩት። ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሄደ። «አሥራ ሁለት ብለን ሃያ ሦስት ያመጣህ አንተ፤ ማታ ዕቃውን ትተህ የተኛህም አንተ» አልኩት። እርሱም፣ «ልጆቹ ደጅ ላይ ቆመው ተመለሱ ልበል?» አለ። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ሁለታችንም ጥፋት ነበረብን። ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ቁጥር 9 ላይ ያለ ማጉረምረም እንግዳ እንድንቀበል ይመክራል። እኔ እንግዶቹ እያሉ አላጉረመረምኩም፤ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ያፈሰስኩት ሰኞ ነው። ብዙ የአገልጋይ ቤቶች የሚጎዱት በእንግዳው ብዛት ሳይሆን እንግዳው ከሄደ በኋላ ባልና ሚስት በሚለዋወጡት ቃል ነው።

ኢዮብ በማግስቱ

ማታ ለቤተሰብ ጸሎት ስንቀመጥ ባለቤቴ መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 1ን ከፈተ። የኢዮብ ልጆች በየተራ በየቤታቸው ግብዣ ያደርጉ ነበር። ኢዮብ ግብዣውን ከለከለ የሚል ቃል አናገኝም። የግብዣው ቀናት ካለፉ በኋላ ግን ልኮ ያስቀድሳቸው ነበር፤ ማልዶ ተነሥቶም ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። ምናልባት ልጆቼ በልባቸው በድለው ይሆናል ብሎ ይሰጋ ነበርና። ባለቤቴ መጽሐፉን ዘግቶ፣ «እኔ ልጆቹን ጠርቼ፣ አብልቼ፣ አጫውቼ፣ ማታ ተኛሁ። ኢዮብ ግን የአባትነቱን ሥራ የጀመረው ግብዣው ሲያልቅ ነው» አለ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ወረቀቷን ለባለቤቴ ቀን አሳይቼዋለሁ። ስለ እርሷ አንዲት ቃል አልተናገርንም፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ ብቻ አስቀመጥናት። ጸሎቱ አልቆ ሁሉም ሲበተን የተሰበረውን ስኒ በማጣበቂያ እያያዝኩ ሳለሁ የበኩር ልጄ ማድ ቤት ገባ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ።

«እማዬ፣ ያቺ ወረቀት የእኔ ናት።»

ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ስፈርድ ነበር የዋልኩት።

200 ብሩ ለፈተና መለማመጃ ወረቀቶች ማባዣ ብለን የሰጠነው ነው። በአገራችን ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው በስፖርት ውርርድ እንዳይሳተፍ የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን ቲኬቱን በዕድሜ የሚበልጠው አንድ ጓደኛው ቆርጦለታል። የሚያሳዝነው ደግሞ ልጄ የገመተው ትክክል መሆኑ ነው። አርጀንቲና ዋንጫውን ወስዳለች። እርሱ ግን አልበላም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ውርርድ የሚቆጥረው የመደበኛውን 90 ደቂቃ ውጤት ነው። በ90 ደቂቃ ጨዋታው እኩል ነበር። መብራት በጠፋባቸው ደቂቃዎች ውስጥ ገንዘቡ ሄዷል። ሃያ ሁለት ልጆች ተቃቅፈው ሲዘልሉ የእኔ ልጅ የሚደግፈው ቡድን አሸንፎ እንኳ መደሰት አልቻለም። «እማዬ፣ ጥርሴን አላመመኝም ነበር» አለኝ።

በልቤ የከሰስኩት ያ ወጣትስ? በዚያው ሳምንት ልጄን «ተው፣ እኔን አይተህ ተማር» ብሎት ኖሯል። ማክሰኞ ቤታችን ጠርቼ ቡና አፈላሁለት። በልቤ የበደልኩትን ነገርኩት። ሳቀና፣ «እናታችን፣ ለምጄዋለሁ» አለኝ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚያ በኋላ ግን እርሱ ራሱ ስንት እንደተበላ፣ ከማን ከማን እንደተበደረ፣ ሌሊት እንዴት እንቅልፍ እንደሚያጣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። እሑድ ሃያ ሦስት ሆነው ሲጮኹ ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

ዘውድና ጎፈር

ባለቤቴ ልጃችንን አልደበደበውም፤ አልጮኸበትምም። ከኪሱ የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቶ፣ «ዘውድና ጎፈር እንጫወት፤ አሥር ጊዜ ተከታትለህ ካወቅህ 200 ብሩን ምሬሃለሁ» አለው። ልጁ አራተኛው ላይ ተሳሳተ። እንደገና ሞከረ፤ ሁለተኛው ላይ ተሳሳተ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ገና በመጀመሪያው ሳተ። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ይዘው አሰሉ። አንዱን የማወቅ ዕድል ከሁለት አንድ ነው፤ ሁለቱን ተከታትሎ ማወቅ ከአራት አንድ፤ ሦስቱን ከስምንት አንድ። አሥሩን ሁሉ ማወቅ ከ1,024 አንድ ነው።

ወጣቶቻችን በጥቂት ብር ብዙ ሺህ እናገኛለን ብለው አሥርና ከዚያ በላይ ጨዋታ በአንድ ቲኬት ላይ ሲደረድሩ የሚሆነው ይህ ነው። እርግጥ የኳስ ቡድኖች እንደ ሳንቲም እኩል አይደሉም፤ ጠንካራና ደካማ አለ። ይሁን እንጂ አቋማሪው ድርጅት ይህንን ከእነርሱ በፊት አስልቶታል፤ ለጠንካራው ትንሽ፣ ለደካማው ብዙ የሚከፍለው ለዚህ ነው፤ የራሱን ትርፍም አስቀድሞ ከዚያ ውስጥ ቀንሷል። በእያንዳንዱ ጨዋታ ሲደመር ክፍያው የሚያድገውን ያህል ዕድሉ ይመነምናል። አንዱ ጨዋታ ከከሸፈ ደግሞ ሌሎቹ ዘጠኙ ትክክል መሆናቸው ምንም አይጠቅምም። ልጄ ወረቀቱን አይቶ፣ «ይኼን ሒሳብ እኮ በክፍል ተምረነዋል» አለ። አዎን፣ ተምሮታል፤ ከ200 ብሩ ጋር ያገናኘለት ሰው ግን አልነበረም። እኛ ወላጆች «ቁማር ኃጢአት ነው» ብለን አልፈን ነበር፤ እንዴት እንደሚያታልል ግን አላሳየነውም።

መጽሐፈ ምሳሌ 13፥11 በችኮላ የተሰበሰበ ሀብት እንደሚጎድል፣ በጥቂት በጥቂቱ የተከማቸ ግን እንደሚበዛ ያስተምራል። ጳውሎስም በኤፌሶን 4፥28 ሰው በገዛ እጁ እንዲሠራ ሲመክር ዓላማው ለተቸገረ የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው። በውርርድ የሚገኝ ገንዘብ ግን ሌላው ካልተበላ አይገኝም። ልጃችን እስከ ገና ድረስ ባሉት ቅዳሜዎች ከአንድ ዘመዳችን ዘንድ በቆሎ ሲፈለፍልና ጆንያ ሲያሸክም ሰንብቶ 200 ብሩን መለሰ። መዳፉ ተልጦ ነበር። በዘይት ስቀባለት፣ «200 ብር ይህን ያህል ነው እንዴ?» አለኝ።

ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። በዓመቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ወድቋል። ልዩነቱ በዚያን ጊዜ ወረቀቷን እኔ አላገኘኋትም፤ ራሱ መጥቶ ነገረን። እኔ ይህንን እንደ ትልቅ ጸጋ እቆጥረዋለሁ።

ቤታችሁን ስትከፍቱ

ከዚያ ወዲህም ለትልልቅ ጨዋታዎች ቤታችንን ከፍተናል። ለቤተሰቦች ይጠቅማሉ የምለውን ከስሕተታችን የተማርነውን ላካፍላችሁ።

1. ባልና ሚስት በቁጥሩና በወጪው አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከተባለው በላይ እንደሚመጣም አስቡ። ዳቦው ሲያንስ ቦዬና ስኳር ድንች ይሸፍናል፤ የተጎዳ ቃል ግን በምንም አይሸፈንም።

2. ሥራውን ለወንዱም ለሴቱም ልጅ አካፍሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በእኛ ቤት አሁን በመጀመሪያው አጋማሽ ያስተናገደ በሁለተኛው ይቀመጣል። እንግዶቹም ብርጭቆአቸውን ራሳቸው ወደ ማድ ቤት ይመልሳሉ።

3. ጎረቤትን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ታማሚ ወይም አራስ ያለበት ቤት ካለ ድምፁን ቀንሱ፤ በማግስቱም ቡና ይዛችሁ ጎብኙ።

4. በዕረፍቱ የእግዚአብሔርን ቃል ለማካፈል ከፈለጋችሁ አሳጥሩት። ልጆቹ ከሁሉ ይልቅ የሚያነቡት ስብከቱን ሳይሆን ቤታችሁን ነው።

5. የማግስቱን ማታ ለቤተሰባችሁ ነጻ አድርጉ። ቁጭ ብላችሁ «ትናንት ምን ደስ አላችሁ? ምን አሳዘናችሁ?» ብላችሁ እያንዳንዱን ልጅ ጠይቁ። ዝም ያለውን ልጅ ደግሞ ለብቻው ጠይቁት።

6. ከእንግዶቹ መካከል ቢያንስ አንዱን በሳምንቱ ውስጥ ለብቻው ጥሩት። በብዙ ሰው መካከል የማይነገረው በአንድ ስኒ ቡና ላይ ይነገራልና።

ቁርስራሹን መሰብሰብ

ጌታችን አምስት ሺህ ወንዶችን ካበላ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ሕዝቡን አሰናብተው እንዲያርፉ አላደረገም። በዮሐንስ 6፥12 እንደምናነበው የተረፈውን ቁርስራሽ አንዳች ሳይጠፋ እንዲሰበስቡ አዘዛቸው። እንጀራን ከምንም ሊያበዛ የሚችል ጌታ ስለ ፍርፋሪ ለምን ይጨነቃል? ለእርሱ ከግብዣ በኋላ ወለል ላይ የሚቀረውም ዋጋ ስላለው ይመስለኛል።

በዚያ ሰኞ ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ስቆም ቤቴ ውስጥ የቀረው ቆሻሻ ብቻ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የቀረው የልጄ እንባ፣ የባለቤቴ ጸጸት፣ የአንድ አባት ጥያቄ፣ የአንድ ወጣት ዕዳና የበኩር ልጄ ምስጢር ነበር። ቶሎ ጠርጌ ብጥለው ኖሮ ሁሉም አብሮ በጠፋ ነበር።

ያ የተሰበረ ስኒ ዛሬም አለ። ማጣበቂያው ስለሚታይ ለእንግዳ አላቀርበውም። ማታ ማታ ልጆቼ ሊያወሩኝ ማድ ቤት ሲመጡ እኔ የምጠጣበት እርሱ ነው።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ፤ ለእንግዳ የሚከፈት በር፣ በማግስቱም የተረፈውን የሚሰበስብ ትዕግሥት ይስጣችሁ። አሜን።

ለቤተሰብ ውይይት

• በቤታችን ግብዣ ሲኖር ሳይቀመጥ የሚውለው ማን ነው?

• ኢዮብ ከልጆቹ ግብዣ በኋላ ያደረገውን ዛሬ በቤታችን እንዴት ልናደርገው እንችላለን?

• ልጆቻችን ሲሳሳቱ እኛ ሳናገኝባቸው ራሳቸው መጥተው እንዲነግሩን የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? የሚከለክላቸውስ?